በሬን የሚያንኳኳው ማን ነው?

እንደምን ሰነበታችሁ፣ እናት አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጡረታ የወጣ ሰው የት ሆኖ ቢያረጅ ይሻለዋል? እሱን ላወራችሁ ነው። እኔ ነርስ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ጎንደር፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሰፈሬ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ወረድ ብሎ ነው። ባለቤቴ አርፏል፤ ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ገንዘቡን ስለሆነ እሱን ቶሎ ልበለው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። እዚህ ላይ አደራ ልብ በሉ፤ የሚሰላው ዋናው ደመወዝ ብቻ ነው። የዱቲ፣ ማለትም የተረኝነት ሥራ ክፍያው፣ አበሉ፣ እሱ ሁሉ የለም። በዱቲ ስንኖር ለነበርን ነርሶች ልዩነቱ ከባድ ነው። 60 ሳይሞላችሁ ወረቀት ይዛችሁ አስሉት። የት እንደምትኖሩ የሚወስነው ግማሹ ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ጡረታ እንደወጣሁ ሰውነቴ አልሰማም ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል፤ ተረኛ የሆንኩ ይመስለኛል። ቀኑ ደግሞ አይመሽም። ያወጣኝ ጎረቤት ነው። «ሲስተር፣ እባክሽ ግፊቴን ለኪልኝ» እያሉ መምጣት ጀመሩ። ዛሬም ቅዳሜ ከገበያ መልስ በረንዳዬ ላይ ሰው አይጠፋም። እለካለሁ፤ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን እጠይቃለሁ። ከፍ ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ እሰዳለሁ። ቡና ይፈላል።

ታዲያ ልጆቼ ተጨነቁ። «እማ፣ ብቻሽን እንዴት ትኖሪያለሽ? ነይ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሴቷ አዲስ አበባ ናት፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሄጄ ክረምቱን አብሬያት ከረምኩ። በልጄ አንድም ቅሬታ የለኝም፤ እንደ ሕፃን ነው የያዘችኝ። ግን ጠዋት በ12 ሰዓት ለታክሲ ሰልፍ ትወጣለች። ማታ ደክማ ትገባለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ቀኑን ሙሉ እኔና ቴሌቪዥን ተፋጠን እንውላለን። ሊፍት የለም። አንዴ ከወረድኩ መውጣቱ ለጉልበቴ መከራ ነው። ዘወትር ኪዳን የማደርስ ሴትዮ ቤተ ክርስቲያን የምስመው እሑድ ብቻ ሆነ። ከጎን ያሉት ጎረቤቶች ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል። ግን አንድ ቀን ባልታይ የሚያውቅ የለም።

ይህን ለምን አጠብቀዋለሁ? ሥራዬ ነዋ። ስንቱን አዛውንት በቃሬዛ ተቀብያለሁ መሰላችሁ! ማታ ለሽንት ሲወጡ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ይመጣሉ። «መቼ ነው የወደቁት?» ስል ቤተሰብ እርስ በርሱ ይተያያል። ማንም አያውቅም። ለረጅም ሰዓት ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ያጥረዋል፣ የተኛበት ጎን ይቆስላል። የተጎዳው ጡንቻ ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። አምሽተው የደረሱልንና ወዲያው የመጡልን አንድ አይደሉም። ስብራታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ አንዷ በእግሯ ትሄዳለች፤ አንዷ አትመለስም።

ስለዚህ የትም ልኑር፣ ቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጠዋት በሬ ካልተከፈተ ሰው የሚያንኳኳው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? አዲስ አበባ ማታ ልጄ ስትመጣ ነው። እዚህ ሰፈሬ ቡና ሰዓት ላይ ካልታየሁ ይመጣሉ።

ወንዱ ልጄ እዚሁ ጎንደር ዳር፣ አዘዞ ነው ያለው። «አዘዞ ሜዳ ነው፣ እግርሽ ያርፋል» አለኝ። ይሄኛው አሳስቦኝ ነበር። ልክ ነዋ፤ ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ የመረጡት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለውን ከፍታ ነው። ለንጉሥ ጥሩ ቦታ ነው፤ ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ግን ፈተና ነው። ቢሆንም እድሬ፣ ሰንበቴዬ፣ በየወሩ በ21 የማርያም ማኅበሬ ሁሉም እዚህ ናቸው። ከአዘዞ በታክሲ ተመላልሼ ልይዛቸው አልችልም። በዚህ ዕድሜ አዲስ እድር መግባት ይቻላል፤ የሚያውቅሽን ሰው ግን ገብተሽ አታገኚውም።

ቀረሁ። ሰፈሩን ይዤ ቤቱን ቀየርኩት። ይህንን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማልና።

ሽንት ቤቱ ድሮ ከጓሮ ነበር። የድንጋይ ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትደርሱት፤ ክረምት ላይ ደንጋዩ አረንጓዴ ሆኖ ያንሸራትታል። እሱን ትቼ ከመኝታ ቤቴ ጎን የሚቀመጡበት ሽንት ቤት አሠራሁ። ወለሉን የሚያንሸራትት ሴራሚክ እንዳያደርጉብኝ ግንበኛውን ተከራክሬ ሻካራውን አስደረግሁ። ብየዳ ቤት ሄጄ የብረት መደገፊያ አሠራሁና ከግድግዳው ጋር ተመታ። ቁመቱን ራሴ ተቀምጬ፣ ተነስቼ ነው ያስለካሁት። እጄ ሳይንጠራራ መያዝ አለበት። ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤቱ በር ምንጣፍ የለም፣ ገመድ የለም፣ በርጩማ የለም። መብራት ሲጠፋ ባትሪዬ ትራሴ አጠገብ ናት። ሌሊት ስነሳ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ ብዙው ውድቀት እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። ጎንደር ውሃ በፈረቃ መሆኑን ታውቃላችሁ። የአንገረብ ግድብ በደለል ከተጎዳ ቆየ። አሮጊት ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ አትወጣም። ሮቶ አስቀመጥኩ። ከጡረታ ብር ላይ ቆጥቦ ሮቶ መግዛት ቀላል አይደለም፤ ልጆቼ አገዙኝ። «ወደ እኛ ነይ» ብለው ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ እዚህ አዋልነው።

ሰርቪሱን ለወጣት ባልና ሚስት አከራየሁ። ከሰፈሩ ዋጋ ዝቅ አድርጌ። ውላችን ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር አለ፤ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካልታየሁ ያንኳኩልኛል። ትርፍ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው።

እድራችን ስብሰባ ላይም አንስቼዋለሁ። እድር ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ያስተዛዝናል። እግዜር ይስጠው። ግን ብቻቸውን የሚኖሩ አባላትን በዝርዝር ይዞ በየቀኑ ቢጠይቅስ? ወጪ የለውም። ጸሐፊያችን መዝግቦታል። አሁን እኛ ሰፈር ብቻዋን ላለች ሴት ሁሉ የምታንኳኳ ሌላ ሴት አለች።

ልጆች ከሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ በተለይ ራቅ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬውኑ የእናታችሁን ጎረቤት ስልክ ያዙ። መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ አይተነዋል። እናንተ ቸኩላችሁ ልትደርሱ አትችሉም። ጎረቤቷ ግን በአንድ ደቂቃ ትደርሳለች። ለበዓል ለእናታችሁ ብር ስትልኩ ለጎረቤቷም ስኳርና ቡና አስቡ። እንደ ውለታ አትቁጠሩት፤ ይገባታል።

ለሁልጊዜ ብቻዬን እኖራለሁ አላልኩም። ከልጆቼ ጋር ተቀምጠን ተነጋግረናል። ራሴን ማጠብ ያቃተኝ ቀን፣ ወይም መድኃኒቴን መርሳት የጀመርኩ ቀን፣ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። እሷም እስከዚያ ምድር ቤት የሆነ ቤት ልትፈልግ ቃል ገብታለች። ሦስታችንም ያወቅነው ነገር ስለሆነ ያን ቀን ክርክር አይኖርም። የእናንተስ ቤተሰብ ተነጋግሯል? ካልተነጋገራችሁ ለፋሲካ ስትሰበሰቡ አንሱት፤ እናታችሁ ደህና ሆና፣ ራሷ እየመለሰች።

በሚቀጥለው እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። ቸር ሰንብቱ።