የኮንስትራክሽን ሠልጣኞች የኦንላይን ትምህርት ከሳይት ይጀምር

ክቡራን የኮሌጅ ዲኖች፣ አሠልጣኞችና የሥራ ተቋራጮች ተወካዮች፣ ክቡራትና ክቡራን፦

የኦንላይን ሥልጠና ሲነሳ በአገራችን ቶሎ የሚታወሰው በ2016 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ነው። ኮድ የሚማር ሰው የሚማርበትም የሚሠራበትም ስክሪን አንድ በመሆኑ መንገዱ ይስማማዋል። ግንበኛው፣ አናጢውና ብረት የሚያስረው ፌራዮ ግን ሥራቸው ሳይት ላይ ነው። የክፍሉን ገለጻ ቀርፀን፣ ሞጁሉንም በፒዲኤፍ ልከን «ኦንላይን አሠለጠንን» ብንል የምናታልለው ራሳችንን ነው።

ሊሾ የሚያወጣ እጅ በቪዲዮ አይሠለጥንም፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ቪዲዮ ግን ሳይቱ ራሱ ለሠልጣኙ የማያሳየውን ያሳያል። ሠልጣኙ ኮንክሪቱ እንዲላላለትና ሙሌቱ እንዲቀለው ውሃ ሲጨምር ኮንክሪቱ እንደሚደክም በዓይኑ አያይም፤ ለጥንካሬ ፍተሻ የተወሰደው የኮንክሪት ናሙና፣ ኪዩቡ፣ በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲጨፈለቅ እርሱ ሌላ ፎቅ ላይ፣ ምናልባትም ሌላ ሳይት ላይ ነው። አንድ ከረጢት፣ ማለትም 50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ በ25 ሊትር ውሃ የተቦካበትን ኪዩብና በ35 ሊትር የተቦካበትን ጎን ለጎን ሲሰበሩ የምታሳይ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ያንን የአንድ ወር ርቀት ታጠፋዋለች። ስሌቱም በሚያውቀው መለኪያ ይቅረብለት፦ አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርበት 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፣ ይህም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘት ጋር ይቀራረባል፤ አናጢው የሳጥኑን ከፍታ በ18 ፈንታ 20 ቢያደርገውስ 1፡2፡3 ያልነው የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር ቅይጥ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በስልኩ ላይ አስልቶ የመለሰ ሠልጣኝ በማግስቱ ሳጥኑን ሜትር ይዞ ሳይለካው አይቀርም።

ከሁሉ የላቀ ጥቅም ያለው ግን ስልኩ ሳይቱን ወደ አሠልጣኙ ሲያመጣ ነው። ከሙሌት በፊት ሠልጣኙ የቢሙን ፌሮና ፌሮውን የሚያቅፈውን ቀለበት ብረት፣ ስታፋውን፣ ሜትር ዘርግቶበት፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክ። አሠልጣኙ ብረቱን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ስፔሰር እንዳልገባ፣ ብረቱም ኮንክሪቱ በሚሞላበት ቅርጽ፣ በካሳፎርማው ላይ እንደ ተኛ ካየ፣ «ተሳስተሃል» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ከብረቱ ሥር ስንት ሳንቲ ኮንክሪት ሊገባ ይችላል?» ብሎ በድምፅ ይጠይቀው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ይህን ስህተት ማንም አያየውም፤ ሽፋን ያጣው ብረት ዝጎና አብጦ ኮንክሪቱን ሲፈነቅል ብቻ ይገለጣል፣ እርሱም ከዓመታት በኋላ ነው። እንዲህ የተሰበሰቡት ፎቶዎችና መልሶች ሠልጣኙ ለብቃት ምዘና ሲቀርብ ጥሩ መዘጋጃ ይሆኑታል፤ ምዘናውን እንዲተኩ ግን አልመክርም፣ ፎቶ የማን እጅ እንደ ሠራው አይናገርምና።

ዳታ ውድ ስለሆነ ቪዲዮዎቹ አጫጭርና በኮሌጁ ዋይፋይ ወርደው ያለ ኔትወርክ የሚታዩ ይሁኑ። ቀኑን ሙሉ ባሬላ ሲሸከም የዋለን ወጣት ማታ በቀጥታ ስርጭት ፊት ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። አማርኛ ለማይቀናውም ድምፁ በኦሮምኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ይቀረጽለት።

ተቋራጮች በሳይት ስልክ የሚከለክሉት በምክንያት ነው፤ መወጣጫ ላይ ስልክ የሚያይ ሰው ራሱንም ከሥሩ ያለውንም ለአደጋ ይዳርጋል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ክልከላውን እንድታነሱ ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ሙሌት በፊት ፎርማኑ ባለበት፣ ከሥራ ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ እንድትፈቅዱ ነው። ከዲኖች የምጠይቀው ደግሞ ፎቶ የሚያይና መልስ የሚሰጥ አሠልጣኝ ያጠፋው ጊዜ እንደ ማስተማሪያ ሰዓት እንዲቆጠርለትና እንዲከፈለው ነው። በትርፍ ሰዓቱ በነፃ ይሥራው ከተባለ፣ ሥራው የሚዘልቀው የአሠልጣኙ ትዕግሥት እስከሚያልቅ ድረስ ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ።