«መንግሥት ሲቀየር ዕዳውስ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ ከባሕር ዳር ስለ መሬትና ስለ ካሳ ስንነጋገር ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልቆ በችኮላ ያለፍኳቸው ጥያቄዎች አሉ። እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ከሜጫ የደወሉ ገበሬ፦ «በ1989ኙ ሽግሽግ አባቴ "ቢሮክራሲ" ተብለው መሬታቸው ተቆረሰ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበሩ ብቻ ነው። አሁን ይመለስልናል ወይ?»

ጋሼ፣ ቁርጡን ልንገርዎት። መሬቱ ራሱ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ነገሩን ለማያውቁ ወጣቶች ትንሽ ላስረዳ። ያኔ የአማራ ክልል መሬት ሲያሸጋሽግ ገበሬውን በስም ከፋፈለው። በደርግ ጊዜ በማኅበሩ ኃላፊነት የነበረው «ቢሮክራሲ» ተባለ፤ በንጉሡ ዘመን ሹም የነበረው ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ»። እነዚህ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ሌላው ግን እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ከጎጃም ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። መሬት ያልነበረው ወጣት መሬት ማግኘቱን እኔም እደግፋለሁ። ሰውን ስም ለጥፎበት፣ ምን አጠፋህ ብሎ እንኳ ሳይጠይቁ ከጎረቤቱ ለይቶ መቅጣት ግን በደል ነው፤ በደል ብሎ የሚጠራው መንግሥት ሊኖር ይገባል።

ያን መሬት የተቀበለው ሰው ዛሬ የይዞታ ደብተር አለው። ልጆቹን አሳድጎበታል። እሱን ነቅለን እርስዎን ብንተክል በ30 ዓመት ውስጥ የእሱ ልጅ ደውሎ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የእርስዎ ባለዕዳ ጎረቤትዎ አይደለም፣ መንግሥት ነው። ለአባትዎ የተለጠፈባቸው ስም በይፋ ይሰረዝላቸው፣ በደሉ ይመዝገብ፣ ካሳውም ከመንግሥት ካዝና ይውጣ። «ያ የድሮ አስተዳደር ነው፣ እኛን አይመለከተንም» የሚባለውን መልስ አልቀበልም። ደርግ የተበደረውን የውጭ ዕዳ ኢሕአዴግ ተረክቧል። ለውጭ አበዳሪ የሚወረስ ዕዳ ለሜጫ ገበሬ ሲሆን የማይወረስበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዲት እናት ከባሕር ዳር፦ «እኛ ነገደ ወይጦ ነን። አያቶቼ ጣና ዳር ነበሩ። ከተማው በሰፋ ቁጥር ተነሡ እየተባልን እዚህ ደረስን። ወረቀት የለንም። ካሳ ወረቀት ላለው ብቻ ነው?»

እናቴ፣ ይህ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመላልሰኝ ነው ያደረው።

ባሕር ዳር ከተማ ሳትሆን ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎች እዚህ ዳርቻ ላይ ነበሩ። ወረቀት የሌላቸው ወረቀት ከመምጣቱ በፊት ስለነበሩ ነው። ሕገ መንግሥቱን ብንከፍት አንቀጽ 40 የገበሬውንና የአርብቶ አደሩን የመሬት መብት በስም ይጠራል። ዓሣ አጥማጁን አይጠራም። ግን አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2ን ያስነብቡ። መንግሥት በሚያካሂደው ሥራ የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ሁሉ በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አለው ይላል። ኑሮው የተነካበት ነው የሚለው፤ ደብተር ያለው አይልም። አቤቱታ ሲጽፉ በዚህ ይጀምሩ።

ሌላም ነገር አለ፣ የሚቆጣኝም ይኖራል። የ1967ቱን የመሬት አዋጅ ስናነሣ ብዙዎቻችን የተነጠቀ ርስት ብቻ እናስታውሳለን። በርስቱ ዘመን ግን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ፣ እንዲሁም ብዙው ሙስሊም ጎረቤታችን ርስት የማግኘት መብት አልነበራቸውም። ካሳን ከራሳችን ቁስል ብቻ ከጀመርን እነሱን ሁለተኛ በደልናቸው ማለት ነው።

ካሳው ደግሞ ብር ብቻ አይሁን። ብሩ በዓመት ያልቃል። ታንኳ የሚያቆሙበት የተከለለ ዳርቻ፣ ደንገል የሚበቅልበት ቦታ፣ ከዚያ ቅርብ የሆነ መኖሪያ ቢሰጥ ልጆችዎም ይጠቀሙበታል።

ከሽምብጥ፦ «በደርግ የተወረሰ የአያቴ ቤት ዛሬ የቀበሌ ቤት ነው። ማስመለስ ይቻላል?»

አወራረሱ ይወስነዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት እንደ ትርፍ ቤት የተወሰደ ከሆነ አይመለስም። አዋጁን ሳይከተል በባለሥልጣን ቃል ወይም በደብዳቤ ብቻ ከተወሰደ ግን አዋጅ ቁጥር 110/1987 የወጣው ለዚሁ ነው። ሰነድዎን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ከኔ ግብር ለምን ይከፈላል?»

ጥሩ ጠየቅህ። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓናዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን ዜጎቿን ያለ ፍርድ በካምፕ አጉራ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. በሕግ ይቅርታ ጠየቀች፣ በሕይወት ላለው ለእያንዳንዱም 20 ሺህ ዶላር ከፈለች። ያን ግብር ከከፈለው ሕዝብ ብዙው ያኔ አልተወለደም ነበር። ግን አንተ ያልሠራኸው መንገድ ላይ ትሄዳለህ፣ ያልገነባኸው ትምህርት ቤት ተምረሃል። ከአገር የሚወረሰው ጥሩው ብቻ አይደለም።

«እስከ አክሱም ዘመን ልንቆጥር ነው ወይ?» ያልከው ደግሞ ተገቢ ስጋት ነው። ለዚህ ነው መስመር የሚያስፈልገው። ደቡብ አፍሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከሰኔ 19 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዘር አድልዎ መሬት የተነጠቀ ይጠይቅ ብላ ቀን ቆረጠች። እኛም ሚያዝያ 2016 የጸደቀ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አለን፤ ማካካሻም ውስጡ ተካትቷል። የመሬቱ በደል በዚያ ውስጥ በግልጽ እንዲገባ፣ ከየትኛው ዓመት እንደሚቆጠርም እንዲወሰን መጮህ ያለብን አሁን ነው።

የሜጫው ጋሼ ስልኩ ሳይዘጋ «እስከዚያ ምን ልሰብስብ?» ብለውኝ ነበር። የድሮ የግብር ደረሰኝ ካለ ያስቀምጡ። በቀበሌው የሽግሽጉ መዝገብ ካለ ቅጂ ይጠይቁ። ድንበሩን የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ደግሞ ልጅዎ በስልኩ ድምፃቸውን ይቅዳልዎት፤ ስማቸውን፣ ማሳው ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ ስንት ጥማድ እንደነበር ይናገሩ። ይህን ሳምንት ሳያልፉ ያድርጉት፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል።