ስልክ የሚያነሳ ሰው አስመዝግቡ

እንደምን አደራችሁ ወገኖቼ! ዛሬ ተራራ ከመውጣታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።

ከዴንቨር ወጥተን ሮኪ ተራሮች ውስጥ ትንሽ ከገባን ኔትወርክ ይጠፋል። እዚያ እግር ቢሰበር ማን ይጠራል? ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ፒኤልቢ ይባላል፣ በአደጋ ጊዜ የድረሱልኝ ጥሪ የሚልክ የግል መሣሪያ ማለት ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል። አንቴናውን ዘርግታችሁ፣ ሰማይ በደንብ በሚታይበት ቦታ ቁልፉን ስትጫኑ፣ በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት ጥሪ ይልካል። ጥሪው ሜሪላንድ ካለው የኖኣ (የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) ማዕከል ፍሎሪዳ ወዳለው የአየር ኃይል የነፍስ አድን ማስተባበሪያ፣ ከዚያም እናንተ ወዳላችሁበት ካውንቲ ሸሪፍ ይደርሳል። መሣሪያው ከበራ በኋላ ባትሪው ቢያንስ 24 ሰዓት ይሠራል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። መጻጻፍ የሚፈልግ ወርሃዊ የሚከፈልበትን ሌላውን ዓይነት፣ በሳተላይት መልእክት መለዋወጫውን ይግዛ፤ በዚያ አልከራከርም።

የምከራከረው በምዝገባው ነው። መሣሪያው ኖኣ ዘንድ በነፃ ይመዘገባል፤ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። የነፍስ አድን አስተባባሪዎቹ ጥሪ ሲደርሳቸው የአደጋ ጊዜ ተጠሪ አድርጋችሁ ላስመዘገባችሁት ሰው ይደውላሉ። እስቲ እውነት እንነጋገር፤ ከእኛ ውስጥ የማያውቀውን ቁጥር የሚያነሳ ማነው? አጭበርባሪ ነው ብለን እንዘጋለን! ስለዚህ ስልክ የሚያነሳ፣ በእንግሊዝኛ ተረጋግቶ የሚመልስ ሰው አስመዝግቡ። የትኛው ተራራ፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው መኪና እንደሄዳችሁም ይወቅ። «እማዬ እንዳትጨነቅ» ብላችሁ ለእሷ ባትነግሩ ይገባኛል። ለማንም ሳይነግሩ መሄድ ግን አይገባኝም።

ሌላው የገንዘብ ፍርሃት ነው። «ሄሊኮፕተር ቢመጣ ቤቴን ልሸጥ ነው?» የሚል አይጠፋም። ኮሎራዶ ውስጥ የሚፈልጓችሁ ቡድኖች በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስላዳኗችሁ አያስከፍሉም። ሆስፒታል የሚያደርስ የሕክምና ሄሊኮፕተር ግን ቢል ሊልክ ይችላል። ቢሆንም የተሰበረ እግር ይዞ፣ በይሉኝታ ታስሮ እስኪመሽ መቆየት ለእናንተም ለእነሱም ይብሳል። በጨለማ ገደል የሚወጡት እነሱ ናቸው። በእርግጥ ደከመኝ ብሎ ቁልፍ መጫን ደግሞ ነውር ነው።

መሣሪያውን ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። ቦርሳው ገደል ከገባ አብሮ ይሄዳል። ቀበቶ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ ይሁን።

አሁን ያላችሁ አውጡና የባትሪውን ማብቂያ ቀን አንብቡ። ያላስመዘገባችሁ ወደ እኔ ኑ፤ ላፕቶፕ ይዣለሁ፣ እዚሁ እንጨርሰዋለን። የምታስመዘግቡትን ሰው ግን አስቀድማችሁ ደውላችሁ አስፈቅዱት።