መሀሉ የቱ ጋ ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ፖድካስቱን የምቀዳው ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ቤት ሆኜ ልቀዳ አስቤ ነበር፣ መብራት ጠፋ። የጀልባ ሞተር ጣልቃ ከገባብን እንግዲህ ታገሡኝ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንዲት ቃል ነው። ሚድል። አዎ፣ የእንግሊዝኛዋ። ልጆች ሆነን የተማርናት፣ ማንም የሚያውቃት። አልፎ አልፎ ለእንግዶች እንደማስተረጉም ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ይቺው ቃል ጉድ ሠራችኝ።

አንዲት እንግዳ ይዤ በጀልባ ዘጌ ሄድን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከውጭ ስትገቡ መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከዚያ መቅደስ። ሴትዮዋ ሥዕሎቹን እያየች ጥያቄ ታዥጎደጉዳለች። እኔም ላስረዳ ብዬ "ምእመናን የሚቆርቡት ሚድሉ ላይ ነው" አልኳት። ቅድስትን ማለቴ ነው። ከሦስቱ መካከለኛው እሱ አይደል? እሷ ግን ጣቷን ወደ መቅደሱ ቀሰረች። "እዚያ ውስጥ ሁሉም ሰው ይገባል ማለት ነው?" ኧረ በስመአብ! መቅደስ የሚገቡት እኮ ካህናትና ዲያቆናት ናቸው።

ማን ተሳሳተ? ሳስበው ማናችንም። እኔ በተራ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ መካከለኛው ሁለተኛው ነው። እሷ ክቡን አየች። የክቡ መሀል ደግሞ መቅደሱ ነው። ሚድል ሁለቱንም ትችላለች። ሴንተር ብላት ኖሮ መቅደሱ ብቻ ይሆን ነበር።

ሴንተር ከግሪክ ተነሥቶ፣ በላቲንና በፈረንሳይኛ ዞሮ ነው እንግሊዝኛ የገባው። መነሻው ሹል ነገር፣ መውጊያ ማለት ነው። ክብ ስንሠራ ወረቀቱ ላይ የምንተክላት የኮምፓስ እግር አለች አይደል? እሷን አስቡ። ነጥብ ናት፣ ንቅንቅ አትልም። ሚድል የጥንት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ሰፋ ይላል። ሌሊት ሚድል አለው፣ ወሬም ሚድል አለው። የሌሊት ሴንተር የሚል ሰው ግን አልሰማሁም።

እኛ ሁሉንም "መሀል" ብለን የምንገላገል ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም። ለሌሊት እኩለ ሌሊት አለን። ለወር አጋማሽ። ለምድር ወገብ። ለከተማ እምብርት። ከግእዙ ማእከልን ወስደን ለሴንተር ሰጠነው፦ የገበያ ማዕከል፣ የስብሰባ ማዕከል። ግእዙ ላይ ቃሉ መካከል ማለት ነው፤ ሕንፃ የለበትም። (በነገራችን ላይ፣ መሀልን በየትኛው "ሀ" እንደምጽፈው አትጠይቁኝ። በሦስቱም ተጽፎ አይቻለሁ። ፖድካስት መሆኑ በጀኝ።)

ከሁሉ የምወደው የመሀል ዳኛን ነው። ሰውዬው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሜዳውን ሲያካልል ነው የሚውለው። መሀል ቆሞ አያውቅም። መሀል ያሰኘው የመስመር ዳኞቹ ዳር መሆናቸው ነው።

ቢትዊንና አሞንግ ላይ ብዙ አልቆይም። ለሁለት ሲሆን ቢትዊን፣ ከሁለት ሲበልጥ አሞንግ ተብለን ነው ያደግነው። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ ሲደራደሩ በሦስቱ መካከል ለማለት ቢትዊን ቢባል ምንም ነውር የለውም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ቆመው የሚነጋገሩ ናቸውና። አሞንግ ከጥንቱ የመደባለቅና የሕዝብ ጭፍራ ትርጉሙ ጋር ነው የቀረው። ገበያ ውስጥ ሰው መሀል ስትጠፉ፣ ያ አሞንግ ነው። ሚድስት ደግሞ የመጽሐፍ ሰዎች ቃል ናት፤ ጦርነት መሀል፣ ችግር መሀል ሲሆን ትመጣለች። ለሁሉም እኛ መካከል ብለን አልፈናል፣ ማንም አልተጎዳም።

የኛ መሀል ግን ሥራ አለው። መሀል ይገባል፤ ማስታረቅ ማለት ነው። እኔ ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ነኝ። ሁለት ታላቆቼ በተኳረፉ ቁጥር "በል፣ አንተ መሀል ግባ" ይሉኛል። ገብቼ የተመሰገንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዝም ስል ደግሞ መሀል ሰፋሪ ተባልኩ። ይገርማችኋል፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን መሀል ሰፋሪ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ነበር፣ የሚፈራ ስም ነው። ዛሬ ወዲህም ወዲያም የማይል ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኔ ላይ የደረሰው ይኼኛው ነው።

ወደ ጀልባው ልመልሳችሁ። ከዘጌ ስንመለስ ሴትዮዋ ዙሪያውን ቃኘችና "አሁን የሐይቁ ሚድል ላይ ነን?" አለችኝ። ወደ ጀልባ ነጂው ዞርኩ። "ጋሼ፣ መሀል ላይ ነን ወይ?"

"የምን መሀል! ዳር ዳሩን እየሄድን!" አሉኝ። ቆየት ብለው፣ "መሀሉን ከፈለገች ደቅ ደሴት ድረስ ትክፈልና እንውሰዳት።"

ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ግን እሷም አልተሳሳተችም። ዙሪያዋን ውሃ ካየች በእንግሊዝኛ ሚድል ላይ ናት፣ ሜትር ማውጣት አያስፈልግም። እኛም ብንሆን አባይ ጣናን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ፣ ሳይቀላቀል ያልፋል እየተባልን አይደል ያደግነው? ካርታውን ስታዩት ግልገል አባይ የሚገባውም በደቡብ በኩል፣ አባይ የሚወጣውም በደቡብ፣ እዚሁ እኛ ጋ። መሀሉን አልነካውም። መሀል ለመሀል ያልነው በርዝመቱ ሳይሆን በድፍረቱ ነው መሰለኝ።

ይኼን ሁሉ ለጋሼ ሳብራራላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ "ለመሆኑ ዳር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?"

"ኤጅ ይባላል" አልኳቸው። "ቆይ፣ የሐይቅ ሲሆን ሾር ነው። የወንዝ ሲሆን ደግሞ ባንክ..."

"ባንክ?"

"አዎ፣ ባንክ።"

ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ወደቡ ስንደርስ ሴትዮዋ ባጃጅ ያዝኩላት። "መሀል ከተማ አድርሳት" አልኩት ልጁን። ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ጊዮርጊስን በእጁ አሳየኝ፣ እዚያው ፊታችን። የኛ ከተማ መሀሏ ዳር ላይ ነው፤ ስሟም ባሕር ዳር ነው። በእግሯ ሄደች።