ለትሬድ የምንሰጠው ዳታ ባለቤቱ ማን ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

በሲ ቋንቋ ትሬድ፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ፣ መፍጠር የአንድ መስመር ኮድ ነው። ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸው ለዚያ ትሬድ ዳታ በምንሰጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የማንኛውንም ዳታ አድራሻ ለትሬድ ከመስጠታችሁ በፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነና በሜሞሪ ውስጥ እስከ መቼ እንደሚቆይ ቁርጥ ያለ መልስ እንዲኖራችሁ አጥብቄ እጠይቃችኋለሁ።

በ1995 የወጣው የፖዚክስ (ለዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የተዘጋጀ ደረጃ) የትሬድ ደረጃ፣ ትሬድ ለሚፈጥረው ፋንክሽን ለፒትሬድ ክሪኤት፣ አራት ነገሮች እንድንሰጥ ያዛል። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው አራተኛው ነው፤ እርሱም ትሬዱ ለሚያስኬደው ፋንክሽን የሚደርስ አንድ ቮይድ ፖይንተር፣ ማለትም ዓይነቱ ያልተገለጸ ዳታ አድራሻ፣ ነው። ከአንድ በላይ መላክ አይቻልም። ሁለት ቁጥርና አንድ የፋይል ስም መላክ የፈለገ ሰው ሁሉንም በአንድ ስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ ላይ በሚይዝ ጥቅል) ይጠቀልልና የስትራክቱን አድራሻ ይሰጣል። በ2011 የጸደቀው የሲ ደረጃ የራሱን የትሬድ ፋንክሽኖች ሲያስገባም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ቮይድ ፖይንተር የማንኛውንም ዓይነት ዳታ አድራሻ ስለሚይዝ፣ በተቀባዩ በኩል ወደ ተሳሳተ ዓይነት ብንመልሰው ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቀንም፤ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። ፎር ሉፕ አራት ትሬዶችን ይፈጥራል፤ እያንዳንዱ ትሬድ ከ0 እስከ 3 ካሉት ቁጥሮች የራሱን ተራ እንዲያትም ተፈልጎ፣ ከሉፑ በፊት የታወጀው ቆጣሪ አድራሻ ለአራቱም ተሰጥቷል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ 1፣ 3፣ 3፣ 4 ሊያትም ይችላል። አራቱም ትሬዶች የሚያነቡት አንዱኑ ቦታ ነው፤ እነርሱ እስኪያነቡ ድረስ ሉፑ ቆጣሪውን እየጨመረ ይሄዳል፤ 4ም የታየው ሉፑ ሲያበቃ ቆጣሪው ላይ የሚቀረው ዋጋ ስለሆነ ነው። አስቸጋሪው ነገር ይኸው ፕሮግራም በሌላ ጊዜ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብሎ በትክክል ማተሙ ነው። በሉፑ ውስጥ ስሊፕ (ለጥቂት ጊዜ የሚያቆም ትእዛዝ) ጨምረው ችግሩ የጠፋ የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ግን ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም።

ትክክለኛው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ቦታ መስጠት ነው። አራት ስትራክቶች ያሉት አሬይ አዘጋጅታችሁ ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን አባል አድራሻ ስጡት። ይሁንና አሬዩ የታወጀው በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ከሆነ፣ ያ ፋንክሽን ትሬዶቹን በፒትሬድ ጆይን ሳይጠብቅ ሊመለስ አይገባም፤ ከተመለሰ በስታክ (የፋንክሽኖች ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ የነበረው ቦታ ለሌላ ጥሪ ይውላል፤ ይህም ቤቱን አፍርሶ እንግዳ እንደ መጥራት ነው።

መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ለእያንዳንዱ ትሬድ ሜሞሪ በሚያስይዘው በማሎክ የተለየ ቦታ ይያዝና ትሬዱ ራሱ ሥራውን ሲጨርስ ፍሪ ያድርገው፣ ማለትም ይልቀቀው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነጥብ አለ፦ ፒትሬድ ክሪኤት ከዜሮ የተለየ ዋጋ ከመለሰ ትሬዱ አልተፈጠረምና ቦታውን መልቀቅ ያለበት ጠሪው ነው። አንድ ትንሽ ቁጥር ብቻ ለመላክ ቁጥሩን ራሱን ወደ ፖይንተር መቀየርም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱን የሲ ደረጃ ለየኮምፓይለሩ ስለተወው እኔ ስትራክቱን እመርጣለሁ።

ከፒትሬድ ክሪኤት በፊት የጻፋችሁት ዳታ ለአዲሱ ትሬድ እንደሚታይ የፖዚክስ ደረጃ ያረጋግጥላችኋል። ትሬዱ ከተፈጠረ በኋላ ፈጣሪውም አዲሱም ትሬድ የሚነኩት ዳታ ካለ ግን ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ መቆለፊያ) ወይም ሌላ ማመሳሰያ የግድ ነው። በጂሲሲም ሆነ በክላንግ ኮምፓይለሮች የሚገኘውን፣ ትሬዶች ያለ ማመሳሰያ አንድ ዳታ ሲነኩ የሚጠቁመውን ትሬድ ሳኒታይዘር አብርታችሁ ፕሮግራማችሁን አስሩጡ፤ መሣሪያው የሚይዘው በዚያ ሩጫ የተነካውን ኮድ ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተት የሚፈጠርባቸውን መንገዶች ጭምር የሚያስኬድ ፈተና አዘጋጁለት።

አመሰግናለሁ።