«ሚ» ብቻዋን ስትቆም
ጎንደር ውስጥ ለመምህርነት ሰልጣኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሰልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች እንደምትወጡ ሰምቻለሁ። ብዙዎቻችሁ የሚደርሳችሁ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው። አንዳንዶቻችሁ በዚህ ቅር እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም አንድ ቀን አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ክፍል ግቢ ቢሉኝ እምቢ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እዚያ ማን አለሽ?» ብላ ነው። ማንም አልነበረኝም። በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር አድርገን ጎንደር ስንገባ መሽቷል። ነባር ተማሪዎች መናኸሪያ ድረስ መጥተው ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። ያን ሌሊት ከማላውቃቸው አምስት ልጆች ጋር ዶርም ውስጥ ተኛሁ። አንዷ ከወላይታ፣ አንዷ ከአሰላ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ ነበሩ። ሁላችንም ዝም ብለን ነው ያለቀስነው።

ባዮሎጂ ተማርኩ። እንደማንኛውም ተማሪ ለፈተና ቸከልኩ፣ ላይብረሪ ውስጥ አደርኩ። በመጋቢት ኮሮና መጣና ወደየቤታችን ተበተንን። ተመልሰን ስንገባ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ተሯሯጥን። ጥሩ መምህራን ነበሩኝ። በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ሴል መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን አልረሳም። ግን ሕይወቴን የቀየረው ትምህርት የተገኘው ከግቢ ውጭ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል መልካም ሥራ አለው። ከሩቅ የመጣን ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤተሰብ ጋር ያገናኛል። ቤተሰቡ እንደ ልጁ ይቀበለዋል። እኔም እናት ተሰጠኝ። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ዶሮ ባይኖር ሽሮ አይጠፋም። ቤቱ ውስጥ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁላችንም ሚጣ ነው የምንላት። አንደኛ ክፍል ነበረች።

አንድ እሑድ እናት ሰፌድ ይዘው ጤፍ ይለቅማሉ። «ይችን ልጅ እስቲ ፊደል አሳያት» አሉኝ። ሚጣም «እችላለሁ!» ብላ ተነስታ ቆመች። ከሀ እስከ ፐ በዜማ አንበለበለችው። አንድም አልሳተችም። አጨበጨብን። እኔም ደስ ብሎኝ ሰፌዱ ላይ ጤፉን በመዳፌ አስተካክዬ በጣቴ «ሚ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይህቺ ማን ናት?» አልኳት።

ዝም አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «መ፣ ሙ፣ ሚ... ሚ!» አለች። ጤፉን አጥፍቼ «ጊ» ጻፍኩ። አሁን ደግሞ ከሀ ጀመረች። ጣቶቿን እያጠፈች በሹክሹክታ ወረደች። «ከ» ላይ ስትደርስ ጠፋባት። እንደገና ከሀ ጀመረች። እንደገና ጠፋባት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አያቷ በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ የተማሩ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ይች ልጅ ቆጥራለች እንጂ አልለየችም። አቡጊዳ አላወረዷትም።»

ቀጥለውም ቀስ ብለው አወረዱልን። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ።

እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ስንል አንዱ ፊደል ሌላውን ይጎትተዋል። ልጁ ባያየውም ዜማው ይወስደዋል። አቡጊዳ ላይ ግን ሰባት ፊደል ከሰባት ቤት ይመጣል። አንዱ ግዕዝ፣ አንዱ ካዕብ፣ አንዱ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። ልጁ የለመደው ዜማ ይሰበርበታል። ስለዚህ የግድ ፊደሏን ራሷን ማየት አለበት። የኔታዎች ይህን ያወቁት ስለ ንባብ የተጻፈ አንድም ጥናት ሳያነቡ ነው። ልጆችን አይተው ነው ያወቁት። ጎንደር የጉባኤ ቤት አገር ናት። አቋቋም የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ትምህርት ለመማር ከሩቅ አገር ተነስቶ በአታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚመጣ ተማሪ ዛሬም አለ። ይህን ያህል እውቀት ጎረቤታችን ተቀምጦ ሳለ እኛ ፊደል ስናስተምር ዜማው ላይ ብቻ መቅረታችን ያሳዝነኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑዶቻችን ተቀየሩ። በየሳምንቱ ጥቂት ፊደል ከቦታዋ እያወጣን ብቻዋን እናቆማታለን። ከጥምቀት በኋላ ጀምረን ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረን ሚጣን ይዤ ፒያሳ ወጣሁ። መንገድ ላይ እጄን ይዛ ቆመች። አንድ ሱቅ በር ላይ በካርቶን የተጻፈ ነገር አየች። «ዳ... ቦ... አ... ለ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በጣም ተገርማ «ዳቦ አለ!» አለች። ዳቦውን ገዛንላት። እኔ ግን ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

የመውጫ ፈተናውን አልፌ ተመረቅኩ። ጋውን ለበስኩ፣ ፋሲል ግንብ ፎቶ ተነሳሁ፣ ደሴ ተመለስኩ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ። ብዙዎቻችሁ ይህን በወንድም በእህቶቻችሁ አይታችሁታል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አፍጥጦ መዋል ነው፣ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ማብዛት ነው። አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል የጎንደር እናቴ ደወሉ። አንድ ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል ረዳት መምህር እየፈለገ ነው አሉኝ። አባቴ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ባዮሎጂ ተምረሽ ሀ ሁ ልታስቆጥሪ?» አለኝ። ሊያስከፋኝ አልነበረም። ጨንቆት ነው። ለጥቂት ወር ነው ብዬው መጣሁ። ቀረሁ። በኋላም የመምህርነቱን ትምህርት በክረምት መርሃ ግብር ተማርኩ።

ለአባቴ ያኔ ያልነበረኝን መልስ ለእናንተ ልስጥ።

የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደተጀመረ ታውቃላችሁ። በ1940ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ደምቢያ ወባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ ተከፈተ። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሰለጠነ። ሐሳቡ ሕመምተኛ ሆስፒታል እስኪመጣ መጠበቅ አልነበረም። ወደ ገጠር ወርዶ፣ ውኃውን አይቶ፣ ረግረጉን አድርቆ፣ በሽታውን ከመነሻው መያዝ ነበር። አገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ትል የለም? ያ ኮሌጅ ለዚህ ነው የተከፈተው።

አሁን ወደ ትምህርታችን ኑ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ተንጫጫ። የሚቀጥለው ዓመት ውጤትም ከዚያ አልተሻለም። የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ፤ ሪሜዲያል የምንለው ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ለታመመ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግን በሽታው 12ኛ ክፍል ላይ አልጀመረም። በ2002 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተደረገ የንባብ ምዘና ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች እኮ ከአሥር ዓመት በኋላ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት ናቸው! ማንበብ የማይችል ልጅ ሳይንስ በምን ያንብብ? ባዮሎጂ ተምሬ ሀ ሁ የማስተምረው ለዚህ ነው። አባቴንም አሁን እንዲህ እለዋለሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን እኔም አጥፍቻለሁ። የራሴን ክፍል በያዝኩበት የመጀመሪያ ዓመት 58 ልጆች ነበሩኝ። ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ አብረው ይጮኻሉ፣ ክፍሉ ይናጋል። የገባቸው መሰለኝ። መጽሐፉን ለመጨረስ ሮጥኩ። ለአጋማሽ ዓመቱ አንድ በአንድ ጠርቼ «ላም» የሚለውን ቃል አስነበብኳቸው። 21 ልጆች አልቻሉም። ሃያ አንድ! ለወራት ከፊቴ ተቀምጠው ከጓደኞቻቸው ድምፅ ጋር ሲጮኹ ነበር። ጩኸቱ ደብቋቸው ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። የሚጣ እንባ ትዝ አለኝ። አንዲትን ልጅ ብቻዬን ሳስጠና ያየሁትን ነገር 58 ሲሆኑ ረሳሁት።

በማግስቱ ከአንድ ግሮሰሪ የለስላሳ ቆርኪ በከረጢት ለምኜ አመጣሁ። በየቆርኪው ላይ በማርከር አንድ አንድ ፊደል ጻፍኩ። ጠዋት ሲገቡ እያንዳንዱ ልጅ ከከረጢቱ አንድ ያወጣል፣ ምን እንደደረሰው ይነግረኛል። ካላወቀ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ መጠየቅ አያሳፍርም ብለናል። ከዚያ እየተቀያየሩ ቃል ይሠራሉ። «ቤ» የያዘው «ት» የያዘችውን ሲያገኛት የሚሰማውን ጩኸት ብትሰሙ! ይሄኛው ጩኸት ማንንም አይደብቅም። በቀን አምስት ልጅ ደግሞ ወንበሬ አጠገብ አቁሜ ብቻውን አስነብባለሁ። 58 ልጅ በአሥራ ሁለት ቀን ይዳረሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ከሃያ አንዱ አሥራ ስምንቱ አጭር ዓረፍተ ነገር አነበቡ። ሦስቱ አልደረሱም። የሦስቱንም ስም እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ይዣለሁ። የሁለተኛ ክፍል መምህራቸውን ሄጄ አነጋግሬያለሁ።

ደመወዙ ትንሽ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የቤት ኪራዩንም ታውቃላችሁ። እኔም በየወሩ እቸገራለሁ። መምህር ከዚህ የተሻለ ሊከፈለው ይገባል፤ ይህን የሚመለከተው ሁሉ በተገኘበት ቦታ እናገራለሁ። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ይገጥማችኋል። ሥራችን በሰላም የማይሆንበት ጊዜም አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው። የ12ኛው ልጅ ቤት ተቀምጦ መጽሐፍ ይገልጣል። የኔ ልጆች ግን ገና መግለጥ አልጀመሩም።

ልምምድ ስትወጡ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ክፍል ስትገቡ ፊደል ገበታውን ለጊዜው በጨርቅ ሸፍኑት። ሰሌዳው መሃል ላይ «ሚ»ን ብቻዋን ጻፉና የልጆቹን ከንፈር ተመልከቱ። ማን ከመ ጀምሮ እንደሚቆጥር ታያላችሁ። እነዚያን ልጆች ስማቸውን ያዙ።

ስትወጡ በሩ አጠገብ አንድ ከረጢት አለ። ቆርኪዎች ናቸው። የዘንድሮ ልጆቼ ራሳቸው የጻፉባቸው ናቸው፤ «ጀ» አንድ ቦታ ተገልብጣ ታገኟታላችሁ። አንድ አንድ ውሰዱ። ልጆቹ ግን ይመለስልናል ብለው ነው የሰጡኝ። ረቡዕ ከዕረፍት በኋላ ክፍላችን ክፍት ነው። የደረሳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ይጠይቋችኋል።

አመሰግናለሁ።