የአንድ ቀን ወሬ፦ በሳይክል ወደ አፍዴራ

እንደምን አመሻችሁ የአዳማ ልጆች! ከኋላ የቆማችሁ ግቡና ተቀመጡ፤ ደጅ ያሰራችሁትን ሳይክል ማንም አይነካውም። ከተነካም እኔ የለሁበትም።

አዘጋጆቹ ስለ ጉዞው ሁሉ ተናገር ብለውኝ ነበር። ሁሉን ልተወው። ከሰመራ ተነስተን፣ በሰርዶ አድርገን፣ አፍዴራ ለመግባት ሁለት ቀን ፈጀብን። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ነው፤ ስልኬ ላይ ታዩታላችሁ። እኔ የመጣሁት ሁለተኛውን ልነግራችሁ ነው።

አፍዴራ የጨው ሐይቅ ነው። ወጥ ቤታችሁ ያለው ጨው ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ መካከላችን ያለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቁልቁለት ነው እኮ፣ ፍሬን ይዞ መቀመጥ ነው!» አለኝ። ወንድሜ፣ ነፋስ የሚባል ነገር አለ። እኛ ደግሞ ይህን ማንም ሊነግረን አይገባም ነበር፤ ኮረብታችን ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች በጸሎት አይደለም የሚዞሩት። በረሃው ላይ ቁልቁለት እየወረድኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ፔዳል እየረገጥኩ፣ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የሄድኩበት ጊዜ አለ።

ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተክለን ነበር ያደርነው። ያደርነው ስል ተኛን ማለቴ አይደለም። ጓደኛዬ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ማንበብ ይወዳል፣ የሚያወራበት ሰዓት ግን አያውቅም። ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመንቀጥቀጥ እንደፈረሰች ነገረኝ። ቀጥሎ በ1998 መስከረም ላይ ደባሁ አካባቢ መሬቱ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሰነጠቀ ነገረኝ። የአፍሪካ፣ የሶማሌና የዓረቢያ የሚባሉት ግዙፍ የመሬት ንጣፎች የሚላቀቁት እዚሁ ነው አለኝ፣ ልክ ጀርባችን ስር። ደህና እደር ብሎኝ እሱ ተኛ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ታኅሣሥ ነው፤ ለአፋር ብርድ የሚባለው ወቅት። ያም ሆኖ ረፋዱ ላይ ሰውነት በሰዓት አንድ ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል። ከሰርዶ ስንነሳ በነፍስ ወከፍ 12 ሊትር ይዘን ነበር፣ ግማሹ በሃይላንድ፣ ግማሹ በጄሪካን። 12 ሊትር 12 ኪሎ ነው፤ ሳይክሉ እንደ ጋሪ ፈረስ ያቃስታል። በዚያ ንጋት አምስት አምስት ሊትር ቀርቶናል። አላሳሰበኝም። ስልኬ ካርታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢርካ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ማለት ነው፣ ምልክት አድርጌያለሁ። ውሃ አጋርም፣ የውሃ ማከሚያውን፣ ይዣለሁ። ቀድተን፣ ጠብ አድርገን፣ መሄድ ነው ብዬ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሽማግሌ ከፍየሎቻቸው ጋር መንገድ ዳር ቆመው አየናቸው። ዱላቸውን አነሱ። እኔም እጄን አወዛውዤ አለፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ ነፋሱ ለጥቂት ደቂቃ ረግቶ ነበርና ፍጥነቴን ማጣት አልፈለግኩም። ጓደኛዬ «ቆም ብንል አይሻልም?» አለ። «ወደፊት!» አልኩት። እንደ ጄኔራል።

ቢርካው ደርቋል። ታቹ የተሰነጠቀ ጭቃና የፍየል በጠጥ ነው።

እዚያው ቆሜ ስልኬን ስሰድብ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። እሾህ መሰላችሁ? የፈነዳ የተሳቢ ጎማ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ። በዚያ መንገድ ላይ የምትነዱ ሁሉ ከእሾህ ይልቅ እሱን ፍሩ፤ በጣታችሁ ጎማውን ከውስጥ ዳስሳችሁ ካላወጣችሁት አዲሱንም ከመነዳሪ፣ የውስጥ ጎማውን ማለቴ ነው፣ ይበሳዋል። የኔን በሳው። የያዝኩት ትርፍ አንድ ብቻ ስለነበር መለጠፍ ግድ ሆነ፤ ማስቲሹ ግን በሙቀቱ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ጎሚስታ ደግሞ ከዚያ እስከ ሰርዶ የለም። ጓደኛዬ የራሱን ትርፍ ከመነዳሪ ሰጠኝ፣ ምንም ሳይናገር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ስር ባለ የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ ውስጥ ገባን። ላቫው ጥቁር ነው፣ ዛፍ የለም፤ ጥላ ማለት እሱ ብቻ ነው። በሶ በጠበጥን። ራሴን አመመኝ። ማለዳውን ሙሉ ውሃ ብቻ ስጠጣ ነበራ፤ ላብ ጨውም ይዞ ይወጣል፣ ጨውን ሳትተኩ ውሃ ብቻ ብትጨምሩ ደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፣ ሲበዛ ደግሞ ይገድላል። ወደ ጨው ሐይቅ እየሄድኩ ጨው አጠረኝ፣ ሳቁ! ኦአርኤስ ከሌላችሁ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨውን አታብዙ።

የቀረን ለሁለታችን ሁለት ሊትር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ወጣት የግመል እረኞች ጥላ ፍለጋ ወደ ቱቦው መጡ። አንደኛው ሎግያ ሠርቶ ያውቃልና አማርኛ ይችላል። እኔ ገና ከአፌ «ውሃ...» ሳይወጣ ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸመኝ። መጀመሪያ ሰላምታ። ቀጥሎ መቀመጥ። ቀጥሎ ዳጉ። ዳጉ የአፋሮች የወሬ ሥርዓት ነው። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ይነግራል፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ፣ ማን እንግዳ አለፈ። የሚነገረው እውነት መሆን አለበት፤ የውሸት ወሬ ያቀበለ በጎሳው ሕግ ይጠየቃል። እስቲ ከኛ ስልክ ጋር አወዳድሩት።

መጀመሪያ እኛን ጠየቁን። ከየት መጣችሁ፣ ምን አያችሁ፣ ምን ገጠማችሁ። የጎማውንም የማስቲሹንም ነገርን፤ ማስቲሹ ላይ ሳቁ። ከዚያ ተራው የነሱ ሆነ። ቢርካው ከደረቀ ሰንብቷል። ከፊታችን 12 ኪሎ ሜትር ላይ የጨው መኪና ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡባት ዳስ አለች፣ ቦቴ የሞላው በርሜልም አለ። «ሽማግሌው አልነገሯችሁም?» አለ አማርኛ የሚችለው። «መንገደኛ ሲያልፍ ቢርካው ደርቋል ብለው ይነግራሉ እኮ።»

ጓደኛዬ ወደ እኔ አላየም። ሆን ብሎ ነው።

የግመል ወተት አጠጡን። በአፋርኛ ውሃ «ሌ» እንደሚባል የተማርኩትም ያን ጊዜ ነው፤ አንድ ፊደል ናት፣ ከመነሳቴ በፊት ብማራት ምን ነበረበት። ሲበርድ ተነሳን፤ ዳሷም በርሜሉም ባሉት ቦታ ተገኙ። እስኪበቃን ጠጥተን፣ ሞልተን፣ ጨው ጭነው ከሚወጡ መኪኖች ጋር እየተላለፍን፣ እነሱ ጥሩምባ እየነፉልን፣ አፍዴራ ስንገባ ጨልሟል።

የመጀመሪያዋ ሻይ ቤት ሳይክላችንን አስደግፈን ተቀመጥን። ባለቤቲቱ ገና ሳናዝዝ መጣች።

«ባለ ሳይክሎቹ እናንተ ናችሁ? ማስቲሽ የደረቀበት የቱ ነው?»

እጄን አወጣሁ።

«ሽማግሌውን ሰላም ሳይል ያለፈውስ?»

እጄን አላወረድኩም። ሻዩን መጀመሪያ ለጓደኛዬ ሰጠችው።